ዋስ የማይጠራ ተናጋሪ

ዘንድሮ ዘመሮ ላይ ተናጋሪ ሞልቷል፤ የጠፋው ፍሬ ነገር ነው። ስብሰባ በተባለ ቁጥር ሞንታርቦው ከሰዉ ቀድሞ ይደርሳል። አንዱ ጎረምሳ ማይኩን በጥፊ እየመታ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ሲል ይቆያል። ከሁለት አልፎ ሲቆጥር ሰምቼው አላውቅም። ቀጥሎ ዋናው ተናጋሪ ይነሣል። «ጊዜያችሁን ላለመሻማት አጠር አድርጌ» ያለ እንደሆነ ባናዬን እከናነባለሁ፤ የመንዝ ብርድ አይቻልም፣ እስከ ማታ መቀመጤም አይቀርም።

ሰውየው ፍርሃት የሚባል አልፈጠረበትም። ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ እያወናጨፈ «እንደሚታወቀው» ይላል። ከታወቀ ምን ያደክመዋል? «ከዚህ አንጻር» ይላል፤ ከየትኛው? «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል፤ የት እንደተቀመጠ ግን ትንፍሽ አይልም። ባለፈው አንዱን ሹም «ማዳበሪያው መቼ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። ከዓለም ሁኔታ ተነሥቶ፣ በየመሃሉ «ማለት ነው» እየጨመረ አገሩን ሁሉ አዳርሶ፣ ሲያበቃ ስለ ጥያቄዬ አመሰገነኝ። ምስጋና ገብስ ላይ አይበተን ነገር!

የልጅ ልጄ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሄዶ የንግግር ክህሎት ሠልጥኖ መጣ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ለራሱ ፈገግ ይላል። «አባባ፣ ዋናው በራስ መተማመን ነው» አለኝ። እሱስ ነው፤ የምትለው ካለህ።

በእኛ ጊዜ ንግግር የሚለመደው ችሎት ላይ ነበር። ዳኛው ከጥድ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ፊት ለፊት ቆመው «በላ ልበልሃ!» ይባባላሉ። ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ይሰማል፤ ነገር ያንዛዛ ይሳቅበታል፣ አሳምሮ የቋጨ ይወራለታል። ታዲያ ማንም እንዲሁ ተነሥቶ አፉን አይከፍትም፤ «ዋስ ጥራ!» ይባላል። ክርክሩ ሲከር በማር ይወራረዳሉ፤ ሲብስ በፈረስ፣ በበቅሎ። የተረታ ይከፍላል። አንዲት ቃል በቅሎ የምታስነዳህ ከሆነ «ያው እንግዲህ ምናምን» ትላለህ? እኛ እረኞቹ እንኳ በጎቹን ሜዳ ላይ ትተን ችሎት ችሎት እንጫወት ነበር። በጎቹ የሰው ማሳ ሲገቡ እውነተኛው ችሎት ይከተላል።

ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ መንዝ ድረስ መጥቶ ከሰዉ ጋር ኖሮ፣ አኗኗራችንንም አነጋገራችንንም አጥንቶ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አወጣ። ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ ከእኛ ይማራል፤ የእኛው ልጅ ከስልክ ይማራል።

«ያ የድሮ ነው አባባ፤ አሁን ትልቅ መድረክ ነው ያለው» ሲለኝ ጄኔቫን አመጣሁበት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አዳራሹን አወኩት። አገራቸው ተወርሮ፣ እሳቸው ተሰደው፣ ከዚያ በላይ ምን መድረክ አለ? ፉጨተኞቹ ተጎትተው እስኪወጡ ጠበቁና በአማርኛ ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአውሮፕላን ስለተረጨው መርዝ ተናገሩ፤ ማኅበሩ የገባውን ቃል አስታወሱ፤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው ጠየቁ። ማኅበሩ መልስ ባይኖረውም ጥያቄው አልገባኝም ያለ አልነበረም። የእኛ ሰው ግን መንደሩ በሙሉ ዝም ብሎ እየሰማው ምን እንዳለ አይታወቅም።

የዛሬ ተናጋሪ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ዋስ ጥራ የሚለው ስለሌለ ነው። ቃሉ ምንም አያስከፍለውም። እንግዲህ እኔን የሚሰማኝ ካለ፣ ማይክ ከመሰጠቱ በፊት ዋስ ይጠራ። «በቅርቡ» ያለ ማር ይወራረድ፤ «በአጭር ጊዜ ውስጥ» ያለ ሙክት ያስይዝ። በዓመቱ የዘመሮ ሰው ጠጁን ጠጥቶ አይጨርሰውም።

ይህንን ሁሉ ለልጁ ሳስረዳ ፀሐይ ጠለቀች። ስልኩን አስቀመጠና፣ «አባባ፣ የእርስዎስ ዋስ ማነው?» አለኝ።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ከምጣዷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እኔን እንዳይጠሩኝ! ጣራውን ነገ እከድናለሁ ባሉበት ገና ከዋስነት አልወረድኩም» አለች።