ዳያስፖራው ዓሣ

ባሌ ውስጥ ሐይቅ መምረጥ ቀላል ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ወጥቶ ጣት መቀሰር ይበቃል። ነገር የሚመጣው ሐይቁን የሚፈልገው ሰው ዓሣ አጥማጅ የሆነ እንደሆነ ነው። አጥማጁ ከካናዳ የመጣ የአክስት ልጅ ከሆነማ አያድርስ ነው።

የአክስቴ ልጅ ኤድመንተን ይኖራል። ከሮቤ ሲወጣ ስለ ዓሣ የሚያውቀው የሰርዲን ቆርቆሮ አከፋፈት ብቻ ነበር። የዚያ አገር ብርድ ምን እንዳደረገው እንጃ፣ ዓመት ሳይቆይ ፎቶ መላክ ጀመረ። በሁሉም ፎቶ ላይ ያው ካፖርት፣ ያው ፈገግታና ያው አስቀያሚ ዓሣ አለ። ዓሣው ፓይክ ይባላል። ረጅም ነው፤ አረንጓዴ ገላው ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል፤ አፉ እንደ ዳክዬ መንቁር ጠፍጠፍ ብሎ ወጥቷል፤ ውስጡ ግን ጥርስ ብቻ ነው። ሣር ውስጥ ተደብቆ ይቆምና በፊቱ ያለፈውን ሁሉ ይውጣል፦ ሌላ ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ የዳክዬ ጫጩት፣ ሲብስበት የገዛ ዘመዱን። ክር በጥርሱ ስለሚበጥስ ከመንጠቆው በላይ ሽቦ ይታሰርለታል። በዓለም አቀፉ የስፖርት አጥማጆች መዝገብ የሰፈረው ትልቁ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1986 ጀርመን ውስጥ የተያዘ ሲሆን 25 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

ካናዳዎች ትልልቁን ፓይክ ለመያዝ ሐይቅ የሚመርጡበት ጥንቃቄ እኛ አገር ለሚዜ ምርጫ እንኳ አይደረግም። መጀመሪያ መንገድ የማይገባበት ሐይቅ ይፈለጋል። መንገድ ካለ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ትልልቁ ያልቃል፤ ፓይክ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚያድገው ቀስ ብሎ ስለሆነ የሄደውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በጎማ ፈንታ ተንሳፋፊ እግር ባላት ትንሽ አውሮፕላን፣ ሻንጣ በኪሎ ተመዝኖ፣ ውኃው ላይ ይታረፋል። ቀጥሎ ጥልቀቱ፣ ሣር የሚበቅልበት ጥግ፣ በረዶው የሚቀልጥበት ሳምንት፣ በአንድ ወቅት የሚገባው ሰው ብዛት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተጠንቶ፣ ያ ሁሉ ብር ተከፍሎ፣ ዓሣው ይያዛል፣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ይለቀቃል።

እማዬ ይህቺን የመጨረሻዋን ስትሰማ፣ “ልጁ አሞታል፤ ሲመጣ ጠበል ይወሰድ” አለች።

ሰውየው ግን ከመምጣቱ በፊት ሥራውን ጀምሯል። የሳተላይት ካርታ ከፍቶ ባሌን ሲያስስ ከረመ። አንድ ሌሊት (ለእሱ ቀን ነው) ስልኬ ጮኸ። “አገኘሁት! ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፣ በረዶ የቆፈረው ሐይቅ! በአውሮፕላን ነው የምንገባው።” ያገኘው ገርባ ጉራቻን ነው።

ስለ በረዶው እውነቱን ነው። ገርባ ጉራቻ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጥንት የሳነቴን አምባ የሸፈነው ግግር በረዶ ቦርቡሮ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ተመራማሪዎች ከሥሩ ደለል ቆፍረው አውጥተው ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ የአየር ጠባይ ታሪክ አንብበውበታል። የካናዳ የፓይክ ሐይቆችም አብዛኞቹ የበረዶ ሥራ ስለሆኑ፣ በአባት ይዛመዳሉ ብንል አያጣላም።

ዝምድናው እዚያ ላይ ያበቃል። ብርድ ነው ወይ? ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ጅብራው ሳይቀር ውርጭ ለብሶ ያድራል። ራቅ ያለ ነው ወይ? ለእግረኛ አዎን፤ በመኪና ግን ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴን ለሁለት ሰንጥቆ ስለሚያልፍ አይሱዙ ሲያጉረመርም ይሰማል። ሐይቆቹ ጥልቀታቸው ትንሽ ነው ወይ? ከተፈለገው በላይ! ሳነቴ ላይ በክረምት ሐይቅ ብለን የምንጠራቸው ብዙዎቹ በበጋ ይደርቃሉ። ባለቤቱ በየዓመቱ ለስድስት ወር ውኃ የሚዘጋበትን ቤት ደግሞ ዓሣም አይከራየውም። እዚያ ላይ ያየሁት ዝይ፣ ዳክዬና ፍልፈል ላይ የሚያደባ ቀይ ቀበሮ ነው፤ መንጠቆ የጣለ ሰው አላየሁም።

“አውሮፕላኑስ?” አለ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።

አውሮፕላንማ አለን። የሚያርፈው ግን አስፋልት ላይ፣ ሮቤ ነው። ይህም ራሱ የቆየ ቁስል ይነካል። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የተለመደው ስም ስላልተነቀለ፣ የማረፊያው ሦስት ፊደል የአየር መንገድ መለያ ዛሬም ከጎባ የተወሰደ ነው። የዞኑ ወንበር ወደ ሮቤ መጥቷል፤ አውሮፕላኑ ሮቤ ያርፋል፤ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን ጎባን ይጠራል። በመካከላችን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የጎባ ሰው ይህቺን ሦስት ፊደል ሲያነሣ የሚያሳየው ኩራት የአገር ርቀት ያህላል። ለማንኛውም ባለ ተንሳፋፊ እግር አውሮፕላን አንዳችንም የለንም፤ ቢኖረንም አየሩ በሳሳበት በዚያ ከፍታ፣ በዚያች ትንሽ ውኃ ላይ አርፎ መነሣት ለአብራሪውም ለዝይውም አይመከርም።

ሌላ አማራጭ አቀረብኩ። በኢትዮጵያ በአውሮፕላን ሄዶ ትልቅ ዓሣ ለመያዝ አርባ ምንጭን የሚያህል የለም። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ናይል ፐርች አለ፤ የዚህ ዓሣ የዓለም ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ግብፅ ናስር ሐይቅ ላይ የተያዘው 104 ኪሎ ነው። አራት ፓይክ ቢደመር አይደርስበትም! እርግጥ የጫሞ ፐርች መረብ በዝቶበት እንደ ድሮው አይደለም፤ አዞውም ከጀልባህ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ ያይሃል። ባሕር ዳርም ብትል፣ ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ከአሥር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ “ባሌ ተወልጄ አርባ ምንጭ ሄጄ ላጥምድ? ሰው ምን ይለኛል?” አለ። የባሌ ልጅ ካናዳ ሃያ ዓመት ቢኖርም ይህ አይለቀውም።

እንግዲህ ትራውትን ያነሣሁለት ያን ጊዜ ነው። ዓሣው ሐይቅ ውስጥ የለም፤ ያለው ዲንሾ አጠገብ በሚወርደው ወይብ፣ በዳንካ፣ በሻያ፣ በጠጎና፣ ከተራራው በሚወርዱት ቀዝቃዛ ጅረቶች ውስጥ ነው። ትውልዱ ደግሞ እዚህ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ ፓርኩም በተቋቋመበት ሰሞን፣ ከኬንያ አምጥተው የለቀቁት ነው። ኬንያዎችም የራሳቸው አልነበረም፤ ቡናማ የሚባለው የትራውት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ መጥቶ ነው ወንዛቸው ውስጥ የተጨመረው። ስንቱ የባሌ ልጅ በናይሮቢ በኩል ወረቀት ጠብቆ ካናዳ ገባ፤ ትራውት ደግሞ በኬንያ በኩል ባሌ ገባ። የአክስቴ ልጅም ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ተቀምጦ ነበር የሄደው። ይህን ስነግረው ለጊዜው ዝም አለ። “እና ዓሣውም ዳያስፖራ ነው?” አለ በመጨረሻ። ነው። አገሩን ለምዶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ ተመልሶ የመሄድ አሳብ የሌለው።

ጊዜውን የመረጠው በካናዳ ሕግ ነው፤ ከሥራ ፈቃድ ያገኘበትን ወር። ታኅሣሥ መጣ። ለዓሣው ጥሩ ወር ነው፤ በልግም ክረምትም አልፎ፣ ከላይ የሚወርደው ጭቃ ቆሞ፣ ወይብ ጠርቶ ጠጠሩ ይቆጠራል። ለቤታችን ግን ጾመ ነቢያት ነው።

“ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም” የሚለው ክርክር ከእኔ በላይ ነው። እበላለሁ የሚል ዘመድ አለኝ፤ በየምግብ ቤቱም በጾም ወራት የዓሣ ጉላሽ ድስት ከምድጃ አይወርድም። እማዬ ግን ከጸሎት መጽሐፏ ቀና ሳትል “ደም አለው” ትላለች፤ ፋይሉ ይዘጋል። ጎረቤታችን ሐጂ በበኩላቸው የቸገራቸው ነገር የለም። እኛና የእሳቸው ቤት በግድግዳ ተጣብቀን፣ ልጅ አብረን አሳድገን፣ ሠርግና ለቅሶ ሳንለያይ የኖርን ሰዎች ነን፤ ሥጋ ሲሆን ግን የእነሱ ድስት ለብቻ ነው፣ የእኛም ለብቻ፤ እነሱ በቢስሚላህ፣ እኛ በስመ አብ የታረደውን ነው የምንበላ። ዓሣ ማረድ አያስፈልገውም። ከአንድ ትሪ ልንቆርስ የምንችለው ሥጋ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። “እንግዲህ ልጁ ከካናዳ ድረስ መጥቶ ሊያበላን ነው” ብለው ሐጂ ከወዲሁ ሎሚ አስገዙ። እማዬ ደግሞ ልጁን ጠርታ፣ “አንተ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ ተኝተህ የነቢያትን ጾም ጠብቀህ ነው የምትመጣ?” አለችው። ካናዳ ውስጥ ሐይቅ ሲመረጥ ይህ ጥያቄ አይነሣም።

ዲንሾ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቀን ወንዙ ዳር ወረድን። ሻንጣውን ሲከፍት ዝንቦች ናቸው። እውነተኛ ዝንብ አይደለም፤ ከጤፍ ብዙም በማትበልጥ መንጠቆ ላይ ክር ተጠምጥሞ፣ አንገቱ ላይ የአውራ ዶሮ ላባ ዞሮ እንዲበተን ተደርጎ ታስሯል። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ክብደት የለውም፤ ስተነፍስ ተንቀሳቀሰ። እንዲህ ያለውን ላባ በየበዓሉ ከዶሮ ነጭተን ስንጥል መኖራችንን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

ክሩን በአየር ላይ ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ፣ ዝንቡን ከድንጋዩ በላይ ጣል አድርጎ ውኃው እንዲወስድለት ተወው። ብዙ አልቆየም፤ ውኃው ተሰነጠቀ። የወጣው ዓሣ ከክርን እስከ አንጓ አይሞላም፤ ግን እንዲህ ያለ ቆንጆ ገበያ አይወጣም፦ ጎኑ ላይ ከጆሮ ግንዱ እስከ ጅራቱ ሮዝ መስመር ተስቦበታል፣ ጀርባው ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ነው። እጁን መጀመሪያ ውኃ ነከረ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልስላሴ ይገፍፋል አለ። መንጠቆውን በቄንጥ ነቀለ፣ ለካ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ለቀቀ።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከኋላችን ቆሞ ሁሉንም አይቷል። በኦሮምኛ፣ በትሕትና ጠየቀ፦ “ጋሼ፣ ከለቀቁት ለምን ጠሩት?”

የአክስቴ ልጅ ስለ ጥበቃ፣ ስለ መጪው ትውልድ መናገር ጀመረ። እኔ ግን የቆምኩት ከልጁ ጋር ነው። ፓይክን ካናዳ ላይ መልቀቅ ልክ ነው፤ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ያገሩ ተወላጅ፣ ቢያልቅ በቶሎ የማይተካ ዓሣ ነው። ትራውት ባሌ ውስጥ እንግዳ ነው፤ ሥጋ በል እንግዳ። በእነዚህ ተራሮች ደግሞ ከባሌ ውጭ በዓለም የትም የሌሉ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። ቦታው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለትራውት ሲባል አይደለም። ጥበቃ ከተባለ፣ መጥበሻም ጥበቃ ነው። ይህን ስለው ካናዳዊው ቆጣ አለ፤ ባሌው ግን ሎሚው መገዛቱን አስታወሰ። ከዚያ በኋላ የተያዙትን አልለቀቀም።

ማታ ሐጂ ቤት ተጠበሰ፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ሎሚ፣ የጋለ ዘይት፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔና የአክስቴ ልጅ ከሐጂ ልጆች ጋር ከአንድ ትሪ ቆረስን፤ የእኔን ጾም ጉዳይ ለንስሐ አባቴ ተዉት። እማዬ አጠገባችን ሽሮዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሽታው ሲበዛባት፣ “ሐጂ፣ ማሽተትስ ያስገድፋል?” አለች። “እሱን ቄሱን ጠይቂ፤ እኔ የማውቀው መብላት እንደማያስገድፈኝ ነው” አሉ ሐጂ፣ አጥንት እየለዩ። ልጁ ለገና ሌላ አጥምዶ ሊያበላት ማለ። አልሆነም፤ የዕረፍት ፈቃዱ ከገና በፊት አለቀና ሄደ።

እናንተም አሳቡ ካላችሁ፣ ፓይክ ካማራችሁ ካናዳ ሄዳችሁ ያዙና ልቀቁ፤ ትልቅ ዓሣ ከሆነ አርባ ምንጭ ነው። ሳነቴ ስትወጡ መንጠቆው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፣ መኪናውም ቀስ ይበል፤ ቀይ ቀበሮ መንገድ ያቋርጣል። ለትራውት ከሆነ ግን ከገና ማግስት እስከ ሁዳዴ መያዣ ባለው ጊዜ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ መንጠቆ ከቤታችሁ ይዛችሁ ወደ ዲንሾ ኑ። ከተረፋችሁ ሮቤ አምጡልን፤ የእማዬ ድርሻ ገና አልተከፈለም።