ሐዋሳ ደርሶ መልስ

ሰሞኑን ሻይ ቤት ሦስት ሰው ከተቀመጠ አንዱ «ቅዳሜ ሐዋሳ ደርሰን እንምጣ» ይላል። ሁለተኛው «ዓሣ በልተን!» ብሎ ይጨምራል። ሦስተኛው «በማን መኪና?» ይላል። ሦስተኛውን አክብሩልኝ፤ ዕቅድ ያወጣው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱ የተመኙትን ነው ያወሩት። ይህ ተረብ ለሁለቱ ነው።

«ሐዋሳ እኮ እዚህ ናት!»

እዚህማ ብትሆን በእግራችን በሄድን። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ያውም ይህ ሄደው ለሚቀሩ ነው፤ አንተ የምትመለስ ከሆነ 550 በል። «ኪሎ ሜትሩን ተወውና በሰዓት ንገረኝ» ካልክም እሺ። መንገዱ ቀንቶህ፣ ጭነት መኪናው ሁሉ ዳሩን ይዞልህ፣ ለመሄድ አራት ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም እንደዚያው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ልትቀመጥ ነው። ያማረህ መቀመጥ ከሆነ የቤትህ ሶፋ ምን በደለህ?

«ታዲያ መቼ እንሂድ?»

— ቅዳሜ።
— ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ።
— እሁድስ?
— እሁድ እድር አለ።
— እንግዲያው ረቡዕ ፈቃድ እንውሰድ።
— ረቡዕ ጾም አይደለም እንዴ?
— የምንበላው ዓሣ አይደል?
— ዓሣ በጾም ይበላል ያለህ ማነው?
— አንተ ደግሞ መቼ ጾመህ ታውቃለህ?
— ልጀምር ነዋ! ባንተ መኪና ሐዋሳ ከመሄድ ጾም ይቀላል።

«ሌሊት 11 ሰዓት እንገናኝ፤ ማንም እንዳያረፍድ!»

ይህን ያለው ሰው 11 ሰዓት ላይ ይነቃል። 11 ተኩል ላይ ይነሳል። 12 ሰዓት ላይ ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፤ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚወስደውን መንገድ ማለቱ ነው። ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣው ያጎቱ ልጅ በበኩሉ «5:00 ሻርፕ» ብሎ ለሁሉም መልእክት ይልካል። ይህን ያነበበ አንድ ጓደኛ ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከች ይላል። እሱን መውቀስ አይቻልም። ከሁላቸውም በተባለው ሰዓት የተገኘ እሱ ብቻ ነው።

ቀልዱን እዚህ ላይ ትንሽ እንግታውና ሒሳብ እንሥራ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ቃሊቲን መኪናው ሳይበዛ ያልፋል። መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ቡና ቢጠጣ እንኳ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሐዋሳ ነው። ጨለማው ሳይበረታ አዲስ አበባ ለመግባት ከሐዋሳ 8 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ስለዚህ አራት ሰዓት ሙሉ ሐይቁ ዳር ይውላል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣው ደግሞ ቃሊቲ ላይ አንድ ሰዓት ይቆማል፤ ቡናውንም አይተውም፤ ሐዋሳ ሲገባ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የመመለሻው ሰዓት ያው 8 ነው። ለሐዋሳ የተረፋት ግማሽ ሰዓት! በግማሽ ሰዓት ዓሣውን አይበላውም፤ ሲጠበስ አይቶት ይመለሳል።

— እና ትንሽ አምሽተን ብንመለስስ?
— የአንድ ቀን ጉዞ ነው ብለህ አልነበር?
— ሌሊቱም ከቀኑ ይቆጠራል።
— ሌሊት ስትወጣ ለምን አልቆጠርከውም?

«መኪናዋ ምንም አትልም!»

— ስኮርታ ጎማ አለህ?
— አለኝ።
— ነፋስ አለው?
— እሱን እንኳ አላየሁትም።
— ክሪክስ?
— ለጎረቤት አውሼዋለሁ።
— የጎማ መፍቻ?
— ክሪክ ሳይኖር መፍቻው ምን ይሠራልኛል?
— ታዲያ ያ የተነፈሰ ጎማ ሐዋሳ ድረስ የሚሄደው ሊዝናና ነው?

መኪናዋ ምንም የማትለው አፍ ስለሌላት ነው። ሊጠይቋት ግን ይገባል። ዘይቷን፣ የራዲያተር ውኃዋን፣ ፍሬኗን፣ የጎማዋን ነፋስ ከዋዜማው ይዩላት። ሲሄዱ እሷ ብዙም አትቸገርም፤ አዲስ አበባ ከሐዋሳ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የቁልቁለቱ ወረታ አለ። ሲመለሱ ግን ያው ከፍታ ዳገት ሆኖ ይጠብቃታል፤ ያውም በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ስትጋገር ውላ፣ አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ሽንኩርትና ሦስት ካሳ ቲማቲም ጭና። ሊብሬው፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ፣ መንጃ ፈቃዱ የት እንዳሉም ከዋዜማው ይታወቅ። ትራፊክ ፖሊሱ ፊት መሳቢያ የሚበረብር ሹፌር ብዙ ነገር ያገኛል፤ የሚፈለገውን ወረቀት ግን አያገኝም።

«ቤንዚን መንገድ ላይ እንሞላለን»

መንገድ ላይ ያለው ማደያው ነው። ማደያው ላይ ያለው ሰልፉ ነው። ቤንዚኑ መኖሩን የሚያውቀው ከሰልፉ ፊት የቆመው ሰው ነው፤ እሱም አንዳንዴ አያውቅም። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ቆጣቢ ቪትዝ እንኳ ለ550 ኪሎ ሜትር 37 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ስለዚህ ታንከሩ ከዋዜማው ይሙላ። ደግሞ ክፍያው በስልክ ነው። ስልክህ ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርታ፣ ዱከም አካባቢ ዘፈን፣ ሞጆ ላይ ቪዲዮ ሲሠራ ውሎ ማደያው ፊት ጥቁር መስታወት ከሆነ ቀጂው ምን ያድርግህ? መልክህን አይቶ ይቅዳልህ?

«ወጪውን በኋላ እንተሳሰባለን»

«በኋላ» የሚባለውን ሰው እናውቀዋለን። ቤንዚን ሲቀዳ ስልክ ያወራል። የፈጣን መንገዱ ክፍያ ላይ ሲደረስ ያንቀላፋል። ዓሣው ሲቀርብ ግን ስልኩም ያልቅለታል፣ እንቅልፉም ይበንለታል። ሒሳብ ሲመጣ «ስንት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለዕውቀት ያህል።

«ፈጣን መንገዱ ላይ 120 እለጥጣታለሁ!»

ምን ሊተርፍህ? የአዲስ አበባ አዳማን መንገድ ሙሉ 85 ኪሎ ሜትሩን ብትነዳው በ100 ፍጥነት 51 ደቂቃ ይወስድብሃል፤ በ120 ደግሞ 43 ደቂቃ ገደማ። ትርፍህ 8 ደቂቃ ነው። ያውም አንተ ወደ ሐዋሳ ታጣፊ ስለሆንክ አዳማ ሳትደርስ ሞጆ ላይ ትለየዋለህ፤ ከ8ቱም ተቀንሶ ነው። ጠዋት ቀበቶህን ስትፈልግ ያቃጠልከው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። የወገብህን ቀበቶ ማለቴ ነው፤ የመኪናውንማ መቼ ፈልገኸው ታውቃለህ?

ደግሞ ፈጣን መንገድ ማለት ፎቶ ቤት አይደለም። አጥሩን ጥሶ የሚገባ እግረኛና ከብት አይፈቀድም፤ ዳር አቁሞ ስልክ እየቀሰረ የሚስቅ ሰውም ያው ነው።

«ቅደመው! ቅደመው እንጂ!»

ይህ ድምፅ የሚመጣው ከኋላ ወንበር ነው። አንተ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ በማውጣት ቅደመው። ከፈጣኑ መንገድ ወርደህ ከድሮው ጋር ስትገናኝ መንገዱ የሁሉም ነው፦ የጋሪው፣ የባጃጁ፣ የከብቱ፣ ከገበያ የሚመለሰው የእግረኛው። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራ ሕዝብ ስም ማውጣት አምሮት አይደለም፤ አይቶ ነው። አንተ ግን ስሙን እየጠራህ ትስቅና መልሰህ ከጭራው ስር ትጠጋለህ።

ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ጋሼ ዝም ብለው ይሰማሉ። ኋላ ላይ ያ «ቅደመው» ባዩ ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ይቅደም አይቅደም?» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ መኪናው ይቅደም፤ እኔን ግን መጀመሪያ አውርዱኝ» አሉት።

«መንገድ ላይ ትንሽ ትንሽ እያቆምን»

ያቺ «ትንሽ» ናት ጉድ የምትሠራው። ቢሾፍቱ ላይ ሆራን እንይ። መቂ ላይ ቲማቲም እንግዛ። ባቱ ላይ ዓሣ እንቅመስ። ላንጋኖ ላይ እግራችንን እንንከር። ሻሸመኔ ላይ ደግሞ እንዲሁ እንውረድ። አንዷ «ትንሽ» ግማሽ ሰዓት ናት፤ አምስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከአራቱ የሐዋሳ ሰዓት ላይ ቀንሳትና ንገረኝ። ሲሄዱ አንድ ይበቃል፤ ሲመለሱ ለአፍታ ብቻ። ቲማቲሙ ደግሞ የመመለሻ ዕቃ ነው። ሲሄድ የገዛው ሰው ፖርታ ባጋሊው ውስጥ ፀሐይ ላይ አውሎት፣ ስኮርታው ሲንከባለልበት ውሎ፣ ማታ ቤቱ ስልስ ይዞ ይገባል።

አዋቂው ግን ማቆምም አያስፈልገውም፤ እየተሄደ ያስተምራል። ቆቃ ሲደረስ፦

— ይሄ ግድብ ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ መሆኑን ታውቃላችሁ?
— እናውቃለን።
— በ1952 እንዳለቀስ?
— እሱንም እናውቃለን።
— ታዲያ ምን ልንገራችሁ?
— የቤንዚን ድርሻህን መቼ እንደምትከፍል።

«ላንጋኖ ውኃው ቆሻሻ ነው እንዴ? ቡናማ ሆነ እኮ!»

ቀለሙ የተፈጥሮው ነው። አንተ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምክ ላስቲኩን በመስኮት ስትጥል የመጣህ ሰው ስለሆንክ የሐይቅ ንጽሕና መርማሪ አድርጎ የሾመህ የለም።

«ዓሣው ግን የግድ ሐዋሳ ነው!»

ለምን የግድ? ያማረህ ዓሣ ከሆነ ባቱም ሐይቅ አላት፤ ቆሮሶም አምባዛም አለ፤ ጥብሱም ጉላሹም ይሠራል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ደርሶ መልሱ 320። ከሐዋሳው 230 ኪሎ ሜትር ተረፈህ። ጠዋት አርፍደህ ብትወጣ እንኳ ምሳህን ቁጭ ብለህ በልተህ፣ ሐይቁን አይተህ፣ በብርሃን ትገባለህ። በ11 ሰዓት ለሚነሳ ሰው ሐዋሳ፤ በ1 ሰዓት ተኩል ለሚነሳ ሰው ባቱ፤ በ5 ሰዓት ለሚመጣ ሰው ቢሾፍቱ። ከተማውን የሚመርጠው ሰዓቱ ነው፤ አንተ አይደለህም።

— ለጓደኞቼ «ሐዋሳ ነኝ» ብዬ ፎቶ ልለጥፍ አስቤ ነበር።
— ለጥፍ። አንተ እንደሆንክ ፎቶው ላይ ሐይቁን ጋርደህ ነው የምትቆመው፤ የየት መሆኑን ማን ያውቃል?

ሐዋሳ ደረሱ እንበል። አሞራ ገደል ገብተው ዓሣ ያዛሉ። አባ ኮዳ አጠገባቸው ቆሞ ሳህናቸውን ያያል። ያ ወፍ ከእነሱ ይሻላል፤ ለምሳ ከየትም አልነዳም፣ ከጠዋት ጀምሮ ቦታውን ይዟል። ይህኔ አንዱ ተነስቶ «ጀልባ ተከራይተን ጉማሬ እንይ» ይላል። ሰዓቱ 8 ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው። ጉማሬው የትም አይሄድም ወንድሜ፤ መሄድ ያለብህ አንተ ነህ።

«ሲመሽ ረጅሙን መብራት አብርቼ እነዳለሁ»

ከፊትህ የሚመጣውስ? እሱም እንዳንተው አስቦ ረጅሙን ካበራ ሁለታችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እየተላለፋችሁ ነው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ከብቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሱ እንደ እናንተ አያመሽም። ከጨለመ በኋላ ደግሞ አስፋልቱ ላይ የቅጠል ክምር ታያለህ። ያ ቅጠል የሆሳዕና አይደለም፤ ወደፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መብራት የሌለው። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም የደገፉበት ድንጋይ እዚያው መንገዱ መሐል ይቀራል። ድንጋዩን የሚያነሳው ከእሱ ጋር የተጋጨው ሰው ነው።

«መንገዱ ሰላም ነው አሉ»

ማን አለ? «አሉ» የሚባለው ሰው መንጃ ፈቃድ የለውም፤ መንገድም ወጥቶ አያውቅም። ትናንት በዚያ መንገድ የመጣ ሹፌር ፈልገህ ደውል። ሹፌር ካጣህ መናኸሪያ ሄደህ ረዳቱን ጠይቅ፤ የትኛው ኬላ እንደሚያቆም፣ የት ጥገና እንዳለ፣ የት እንደሚዘጋጋ እሱ ነው የሚነግርህ። ከፈለግህም ያሳፍርሃል፤ ያኔ የክሪኩም የስኮርታውም ጭንቀት የሱ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ ሁለቱ ተመኚዎች ተበሳጩ። «አንተ ተረብ ብቻ ነው! ለጉዞው ምን ታዋጣለህ?» አሉኝ።

ሰዓት አዋጣለሁ። ቤንዚኑን እናንተ ቅዱ፣ 11 ሰዓት ላይ እኔ በራችሁን አንኳኳለሁ። ከመካከላችን ማን ብዙ እንዳወጣ ማታ በብርሃን ከገባን እንተሳሰባለን።