ባለ ሦስት ፌዝ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኛ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት የምንኖር ባለ ቆጣሪዎች፣ ስለ ረጅም ዘመን የኃይል ዕቅድ በሻማ ብርሃን ተሰብስበን ተማክረናል።

መግቢያ

መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በ13 ተርባይንና በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም የተመረቀ በመሆኑ፤ ቦንድ የገዛንበትንም ወረቀት ዛሬ በባትሪ ብርሃን የምንፈልግ በመሆኑ፤

ክረምቱ ዓባይን ሞልቶ ግድቡን ካጠገበ በኋላ፣ ያው ዝናብ ሠፈራችን ሲደርስ ትራንስፎርመር የሚያፈነዳ በመሆኑ፤ ንፋሱም አዳማ ላይ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ማማ ተተክሎለት ሳለ፣ ገርጂ ላይ ሽቦ ከሽቦ እያላተመ የሚያጨልም በመሆኑ፤

ኃይል ማመንጨት ሌላ፣ ምጣድ ማጋል ሌላ መሆኑን በሕግ መደንገግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

ሀ) «መብራት» ማለት አምፖሉ ብቻ ሳይሆን ምጣዱም፣ የውሃ ፓምፑም፣ ሊፍቱም ነው።
ለ) «አሁን ይመጣል» ማለት ከአምስት ደቂቃ እስከ አምስት ቀን የሚደርስ የጊዜ መለኪያ ነው።
ሐ) «ፌዝ» ማለት ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ሲሆን፣ የእኛ ጠፍቶ የጎረቤት ሲበራ ቃሉ የቀድሞ ትርጉሙን ይይዛል።

አንቀጽ 2፦ የኃይል ምንጭ ስብጥር

የእያንዳንዱ ቤት የ25 ዓመት ዕቅድ በሦስት ምንጮች ይቆማል፦ በከሰል፤ በሌላ ፌዝ ላይ ባለና ኤክስቴንሽን በአጥር ለማሻገር በሚፈቅድ ጎረቤት፤ እንዲሁም ድምፁ ለሁላችን፣ ብርሃኑ ለባለቤቱ በሆነ የሆቴል ጄኔሬተር። ጎረቤት ታዳሽ ኃይል ነው፤ ስለዚህ በየበዓሉ ይጠየቃል።

አንቀጽ 3፦ የፍላጎት ትንበያ

አንድ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት ይጠጋል። የሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይታሰብ፣ ከ1 ሚሊዮን 280 ሺህ በላይ ምጣድ በአንዴ ያግላል። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ሠፈር ምጣድ ሲሰካ መሸከም ያለበት ግድቡ ሳይሆን መታጠፊያው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ ደግሞ በዚያው ሽቦ ላይ መኪናም ማታ ማታ ይጠባል።

ሊጥ ተዙሮ፣ አክምባሎ ተከድኖ፣ እንጀራው ዓይን ማውጣት ሲጀምር መብራት ቢሄድ፣ ከላይ ሊጥ ከታች ቂጣ የሆነው ነገር እንደ ምግብ አይቆጠርም፤ በሰፌድ ሆኖ ለአከፋፋዩ በማስረጃነት ይቀርባል።

አንቀጽ 4፦ ከመስመር ውጪ ስለመቆጠር

በ2011 ይፋ የሆነው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰለው ለማዳረስ አቅዶ ነበር። እኛ በወረቀት ከ65ቱ፣ በማታ ከ35ቱ ነን። ከሁለቱ በአንዱ እንድንጸና እንጠይቃለን፤ ከ35ቱ ከሆንን ሶላሩ ይሰጠን።

አንቀጽ 5፦ የአከፋፋዩ ግዴታ

ማናቸውም ዕቅድ ከግድብ ተነስቶ የከፍተኛ መስመሩን ታወር ተከትሎ ከመጣ በኋላ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ አይቆምም፤ የዘመመው የእንጨት ምሰሶ ጋ ይደርሳል። የሥራ ሪፖርትም በሜጋ ዋት መቅረቡ ቀርቶ፣ በአንድ ቅዳሜ ሳይቋረጥ በወጣ እንጀራ ይቆጠራል።

አንቀጽ 6፦ የተሻሩ ቃላት

«ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት»፣ «ለጥገና ሥራ ሲባል» እና «እናንተ ጋ ብቻ ነው» የሚሉት ሐረጎች ተሽረዋል።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ሦስቱም ፌዝ አብረው ከጠዋት እስከ ማታ ከዋሉበት ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው ግን ፌዝ ነው።

አዲስ አበባ፣ 2018 ዓ.ም.
ማኅተም፦ የቀለጠ ሻማ