ጨው ፍለጋ በፔርሙዝ

ጨው ግዛ የተባለ ሰው ሳንቲም ይዞ ይወጣል። እኔ ግን፣ መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ኤረር ባረፍኩበት ቤት ሩዙ ተጥዶ ስላክ፣ የፈላ የሩዝ ውሃ በፔርሙዝ ይዤ ወጣሁ። ሩዝ ስታርች ነው፤ ስታርች አዮዲን ሲያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህን ኮሊንና ጎልቲዬ ደ ክሎብሪ የሚባሉ ፈረንሳዮች በፈረንጆቹ 1814 ጽፈውታል። (ኋላ ባቡር በኤረር ያሳለፉትም ፈረንሳዮች ስለሆኑ በዚህ መንደር እምነት አይነፈጋቸውም።) የምንበላው ጨው አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ ደግሞ በፈረንጆቹ 2011 ወጥቷል። ታዲያ ማን ያቆመኛል?

«ኤዶ፣ ጨውሽ አዮዲን አለው?» አልኳት ባለሱቋን።

«ጨው ነው፣ ቅመሰው።»

ቆንጥሬ መዳፌ ላይ አድርጌ የሩዝ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ነጭ። ደገምኩ። ነጭ። ውሃው በክንዴ ወደ ብብቴ እየወረደ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ…» ብዬ ተረት ጀመርኩ። ሳልጨርሰው ባለባጃጁም ጫት ሻጯም ሱቁን ሞሉት።

ጅግጅጋ የምትማረው የኤዶ ልጅ ከጓዳ ወጣች። «አዴር፣ ጨው ውስጥ የሚገባው ፖታሲየም አዮዴት ነው። ብቻውን ስታርችን አያቀልምም። የጤና ሰዎች የሚያንጠባጥቡት ስታርች ከአዮዳይድና ከአሲድ ጋር ነው፤ ያኔ ነው አዮዲኑ የሚወጣው።»

«አሲድ? ሎሚ አምጡ!» መጣ፤ ጨመቅኩ። ነጭ።

«አዮዳይዱስ?» አለችና፣ የሩዝ ውሃዬን ራሱን ለመፈተን ለቁስል የሚሆን ቲንክቸር አዮዲን ከመደርደሪያ አውርዳ በፔርሙዙ ክዳን በቀዳሁት ውሃ ላይ ጠብ አደረገች። ሰማያዊ የለም! «ይኸው፣ ይኼም አልሠራም!» ብዬ ዘለልኩ።

«ትኩስ ነዋ» አለች። የስታርች ሰንሰለት እንደ ሽቦ ይጠቀለላል፤ በአንዱ ዙር ስድስት ያህል ግሉኮስ አለ፤ አዮዲን ጥቅልሉ ውስጥ ገብቶ ሲደረደር ነው ሰማያዊው የሚታየው። ሙቀት ጥቅልሉን ያላላዋል፤ አዮዲኑም ይወጣል። «ይቀዝቅዝ፣ ይመለሳል።»

ፍል ውሃ ባለበት አገር፣ በእኩለ ቀን፣ ውሃ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅን አስቡት። ሰው አንድም አልሄደም። የጫት ሻጯ ልጅ በካርቶን አራገበልን። በመጨረሻ ክዳኑ ውስጥ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ሆነ፤ ጭብጨባው ቀለጠ፤ ለልጅቷ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሸሚዜን ነከርኩ።

ኤዶ ሒሳብ ስትሠራ ሎሚውንም የቲንክቸሩን ጠብታም አልዘለለች። «ቀንሺልኝ» ብላት፣ «ስሜን በአደባባይ አንስተህ?» አለች። ቤት ስደርስ ሩዙ አልጫውን ተበልቶ፣ ሳህኑም ታጥቦ ነበር።