ብፁዕ ነው አልጋ ያልተከራየ

ሆቴል የሚያርፍ ሰው ሞኝ ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። የሚሉት ከቁመታቸው የሚስተካከል ሻንጣ አዝለው ቦሌ የሚወርዱት፣ ራሳቸውን «የበጀት ተጓዥ» ብለው የሚጠሩት እንግዶቻችን ናቸው። ሆቴል ኪስ ያራቁታል፤ ይባስ ብሎም ከእውነተኛው ሕይወት ይለያል። እውነተኛው ሕይወት የሚገኘው ሰው ቤት ነው፤ በተለይ ሒሳብ የማይጠየቅበት ሰው ቤት።

ለዚህ ጥበብ ማኅበርም ኩባንያም ቆሞለታል። ሰርቫስ የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 ዴንማርክ ውስጥ ሲጀመር ሐሳቡ ከጦርነት የወጡ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ማዕድ እየቀመሰ ሰላም እንዲለምድ ነበር። ዓላማው ደግ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ካውችሰርፊንግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጠንሳሹ አሜሪካዊ ወጣት ወደ አይስላንድ ርካሽ ትኬት አገኘና ማረፊያ ሲያጣ፣ 1,500 ለሚያህሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «አስጠጉኝ» የሚል ኢሜይል በተነ። እነሱም አስጠጉት። ድርጅቱ በ2011 ወደ አትራፊ ኩባንያነት ዞረ፤ በ2020 ደግሞ በብዙ አገሮች አባላቱን፣ እንግዳ ተቀባዩን ጭምር፣ ማስከፈል ጀመረ። ልብ በሉ፤ ሶፋው የሰውየው፣ ሽሮው የሰውየው፣ ገቢው የኩባንያው። መርካቶ እንኳ እንዲህ ያለ ንግድ አላሰበም፤ መርካቶ ቢያንስ ዕቃውን ገዝቶ ነው የሚሸጠው።

እኛ እንግዳ ለመቀበል ኩባንያ አስፈልጎን አያውቅም። «ቤቶች! የመሸበት መንገደኛ ነኝ» ያለ ሁሉ እግሩ ታጥቦ፣ መደቡ ተለቆለት ያድር ነበር። ያ ሰው ግን እውነትም መሽቶበት ነው። የዛሬው እንግዳ ከሁለት ወር በፊት ቀኑን ቆርጦ፣ የቤታችሁን ፎቶ መርምሮ፣ «ዋይፋይ አለ?» ብሎ አረጋግጦ ነው ጨለማ የሚይዘው። አብርሃም ሥላሴን በድንኳኑ ሲያስተናግድ ይህ ጥያቄ አልቀረበለትም።

እንግዲህ ክቡር እንግዳችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሱ እንበል። አስተናጋጃቸው ደመወዝተኛ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ ተከራይቶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይኖራል። ክቡርነታቸው ትሑት ስለሆኑ «ለእኔ ሶፋ ይበቃኛል» ይላሉ። ሚስትየው ታዲያ እንግዳ ሶፋ ላይ አስተኝታ የሰው መሳቂያ ልትሆን ነው? አንሶላው ይቀየራል፣ መኝታ ቤቱ ይለቀቃል፣ ቤተሰቡ ሳሎን ስፖንጅ ዘርግቶ ይደረደራል። ክቡርነታቸውም አንዴ ብቻ እምቢ ብለው ይገባሉ። አገራቸው እምቢታ አንዴ ከሆነ፣ እዚህ ሦስቴ መሆኑን ማን ይንገራቸው? «በሞቴ ብሉ» ሲባሉ ይበላሉ፤ «አፈር ስሆን ድገሙ» ሲባሉ ይደግማሉ። በአራተኛው ቀን ሻንጣቸውን ሲያዩ «ምነው፣ ምን ያስቸኩላል? ሰንብቱ እንጂ» ይባላሉ፤ ለወግ ነው። ክቡርነታቸው ወጉን ወደ ቀን መቁጠሪያቸው ያስገቡና አንድ ሳምንት ይጨምራሉ።

የውኃውን ነገር ቆም ብለን እንየው። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት ነው፤ ግፊቱም አራተኛ ፎቅ አያደርሰውም። ስለዚህ ሚስትየው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ ትወርድና ምድር ቤት ካለው ቧንቧ ሃያ ሊትር የሚይዙትን ቢጫ ጀሪካኖች እየሞላች ታመላልሳለች። ጠዋት ክቡርነታቸው ይነሡና ረጅም ጸጉራቸውን በሁለት ጀሪካን ይታጠባሉ። በነገራችን ላይ ክቡርነታቸው ስለ አካባቢ ጥበቃ እጅግ ይቆረቆራሉ፤ የጥርስ ብሩሻቸው የቀርከሃ ነው፤ ቁርስ ላይም ስለ ፕላስቲክ ጠንቅ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጥተዋል።

ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። ክቡርነታቸው አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን በቪዲዮ ይቀርጹና ኢንስታግራም ላይ «ገንዘብ የማይገዛው ደስታ» ብለው ይለጥፋሉ። እውነታቸውን ነው፤ በእርሳቸው ገንዘብ አልተገዛም። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ከሰሉ፣ ፈንዲሻው በማን እንደተገዛ የሰፈሩ ባለሱቅ ያውቃል። ዱቤው ደብተር ላይ አለ።

ከተማው ደግሞ መታየት አለበት። አስተናጋጁ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቅና አስጎብኚ ይሆናል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወስዶ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን ድንቅነሽን ያሳያቸዋል፤ ሽሮ ሜዳን አቋርጦ እንጦጦ ያወጣቸዋል፤ በባቡሩ መርካቶ ያደርሳቸዋል። የሚኒባሱን ሒሳብ ማን ይክፈል የሚል ግብግብ አይነሣም፤ አንዱ ወገን ብቻ ነዋ እጁን ኪሱ የሚሰደው። ክቡርነታቸው የተፋለሙት አንዴ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚሸጡትን እናት «ለፈረንጅ ጨመሩብኝ» ብለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ሳይሠሩ ሀብታቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ግን መርህ መርህ ነው፤ ለሃምሳ ብር ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። በየሰፈሩ ግብር እየከፈለ እንግዳ የሚጠብቀው ባለ ፔንሲዮንና ፈቃድ አውጥቶ ሥራ ያጣው አስጎብኚ ይህን ሲያዩ ምን እንዲሰማቸው ይጠበቃል? ምናልባት ኩራት።

አከራይዋም አሉ። «ፈረንጅ ገብቷል» የሚለው ወሬ ከእንግዳው ቀድሞ ነው ደረጃውን የወጣው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ጭማሪውን ይቆጣጠራል፤ የአከራይን ፊት ግን አይቆጣጠርም። «ዶላር መሥራት ጀመራችሁ አሉ» ያሉበት ፊት ክቡርነታቸው ከሄዱ በኋላም እዚያው ደረጃ ላይ ይቆያል።

የዲያስፖራ ዘመዶቻችንም በዚህ አይታሙም ማለቴ አይደለም። እነሱ ግን ቢያንስ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲወጡም «ለልጁ ከረሜላ» ብለው የሆነ ነገር ሸጉጠው ነው።

ክቡርነታቸው ሲሰናበቱ የሚሸጉጡት ቃል ነው፤ «በርሊን ስትመጣ ቤቴ ቤትህ ነው»። እንዴት ያለ ግብዣ ነው! የእኛን ቪዛ እርሳቸው አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ በኢንተርኔት ያወጣሉ፤ እንዲህ ቀሏል። አስተናጋጁ ግን ለሸንገን ቪዛ 90 ዩሮ ይከፍላል፤ ቢከለከልም አይመለስለትም። የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የመመለሻው ማስረጃ ይቅረብ ይባላል። ገንዘቡ አልበቃ ካለ ጋባዡ ጀርመናዊ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ፣ የደመወዙን ማስረጃ አቅርቦ፣ 29 ዩሮ ከፍሎ «የዚህ እንግዳ ወጪ ሁሉ በእኔ ነው» ብሎ ይፈርማል። እዚያ አገር እንግዳ ማስተናገድ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን መንግሥታቸው አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው፤ ቅጽ ሳይቀር አዘጋጅቶለታል። ክቡርነታቸው ይህ ዕውቀት ጀሞ ሲደርሱ የት እንደጠፋባቸው ነው ግራ የሚገባኝ።

እንግዳ አትቀበሉ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። በሚቀጥለው ግን ክቡርነታቸው «እንደ አገሬው ሰው መኖር ነው የምፈልገው» ሲሉ ቃላቸውን አክብሩላቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሷቸውና ጀሪካን ይዘው ይውረዱ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሽንኩርቱንና የዘይቱን ዝርዝር ከዘንቢሉ ጋር አስይዛችሁ ሾላ ገበያ ላኳቸው። ብር አትስጧቸው፤ አላቸው።