ስለ ግራ እግር፤ ለተከበረው የዋስትና ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ገና ብዙ ሳይነዳ ፍሪሲዮኑ ስላለቀ መኪና

አዲስ መኪና ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ምክንያቱን ለማወቅ የተለመደው ዘዴ ካምቢዮውን አውርዶ ዲስኩን ማየት ነው። ይህ ሥራ ክሪክ፣ ጉልበት፣ ቅባት የጠገበ ቱታና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። የተከበረው የዋስትና ክፍል ግን ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያሳርፍ ዘዴ አግኝቷል። ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ባለቤቱም ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይቀመጥ፣ ጥፋተኛው የአሽከርካሪው ግራ እግር መሆኑ ይታወቃል። ውሳኔውም አጭር ነው፦ ፍሪሲዮን አላቂ ዕቃ ነው፤ አላቂ ዕቃ በዋስትና አይሸፈንም።

ፍሪሲዮን አላቂ መሆኑን የሚክድ የለም። በደህና የተያዘ ፍሪሲዮን ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲያገለግል ይታያል፤ አንዳንዱ ደግሞ የዚህን አንድ አምስተኛ ሳይደርስ ያርፋል። ክፍሉ እንዲመረምር የሚጠበቀው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነበር።

የዕቃው አሠራር ይህን ይመስላል። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖ የሚባለው፣ አለ። ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የሚዞር ስስ ዲስክ ይከተላል። ከዲስኩ ኋላ በሞላ የሚገፋ ሰሌዳ ተቀምጦ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰሌዳው ይላቀቅና ዲስኩ ነፃ ይሆናል፤ ሲለቀቅ ሦስቱም እንደ አንድ አካል ይዞራሉ። የዲስኩ ሁለት ፊት ሸራ ለብሷል። ሸራው የሚበላው ቮላኖውና ዲስኩ በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ሲፋተጉ ነው። እስከ መጨረሻው ተረግጦ የተላቀቀ ወይም እስከ መጨረሻው ተለቆ የተጣበቀ ፍሪሲዮን ምንም አይበላም ማለት ይቻላል። የሚበላው በመካከል፣ መኪናው ከቆመበት በሚነሣባቸው ጥቂት ሰከንዶችና በማርሽ ቅየራ ጊዜ ነው። ለዚህ ሁሉ ዘመን የተመደበለት ሸራ በየፊቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

የክፍሉ ቅጽ ስለ ሰከንዶቹ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኪሎ ሜትር ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ደግሞ ፍሪሲዮን የማይሠራበትን ጊዜ በትጋት የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ አንድ መኪና አምስተኛ ማርሽ ካስገባ በኋላ ፍሪሲዮኑ እንደ ተጣበቀ አዳማ ይደርሳል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው መኪና ግን ከሁለት ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ላይ፣ በጠዋት መጨናነቅ፣ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሣት በቆመ ቁጥር ይቆማል፣ እንደገናም ይነሣል። በቆጣሪው ዓይን የመጀመሪያው መኪና ብዙ ደክሟል፤ ሁለተኛው ግን ገና አልተነካም።

ከሁሉ የሚከፋው መኪናው ጨርሶ የማይሄድበት ጊዜ ነው። አሽከርካሪው ዳገት ላይ ፍሬን ሳይዝ፣ ፔዳሉን በግማሽ ለቆና ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ካቆመው፣ ቮላኖው ይዞራል፣ ዲስኩ ግን ቆሞ ይፋተጋል። ስሌቱ ቀላል ነው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል 10 በመቶ በሚያዘነብል ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ቢዞር፣ ዲስኩ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 4 ኪሎ ዋት ይጠጋል። ይህም እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደውን ያህል ኃይል ነው፤ ልዩነቱ ምጣዱ ለዚያ ሲባል መሠራቱ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቆጣሪው አንዲት ሜትር አልጨመረም፤ ቅጹም «የሄደው ርቀት አነስተኛ» ይላል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ስለዚህ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሽከርካሪ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ዙሩን ከፍ አድርጎ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይለቃል። ቮላኖው በፈጠነ መጠን፣ መልቀቁም በዘገየ መጠን ፍትጊያው ይጨምራል። የተጠቃሚው መመሪያ ፍሪሲዮን በብልሃት እንዲያዝ በጥብቅ ያሳስባል፤ እንጦጦን ግን አያውቃትም።

እግር ከጥፋት ነፃ ነው ማለት አይደለም። ፔዳሉን የእግር ማሳረፊያ የሚያደርግ፣ የእጅ ፍሬን ረስቶ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን የሚቆም፣ በሁለተኛ ማርሽ የሚነሣ፣ ከአቅም በላይ የሚጭን አሽከርካሪ ሞልቷል፤ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅበት ሊከራከሩለት አይገባም። ችግሩ ዲስኩ ሳይወርድ ይህን ከሌላው ምክንያት መለየት አለመቻሉ ነው።

የወረደ ዲስክ ብዙ ይናገራል። ሸራው ዘይት ጠግቦ ከተገኘ ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ዘንግ ዘይት የሚከለክለው ላስቲክ አፍስሷል፤ የትኛውም እግር ዘይት አያፈስም። አንዱ ፊት ከሌላው እጅግ ተለይቶ ከተበላ ዲስኩ በዘንጉ ጥርሶች ላይ እንደ ልብ አልተንሸራተተም፣ ወይም ሲገጠም ተጣሟል። በዲስኩ መሃል ያሉት ትንንሽ ሞላዎች ከተሰበሩ ነገሩ የድንጋጤ ነው፤ እዚህ ላይ እግር ሊጠየቅ ይችላል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ሸራው ላይ የመስተዋት ዓይነት ንጣፍ ከታየ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነበረ። ክፍሉ እዚህ ሲደርስ ፋይሉን መዝጋት ይወዳል፤ ሙቀት ማለት እግር ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ከፋብሪካ ሲወጣ ነፃ እንቅስቃሴ ያልተተወለት ካቦ፣ መመለሻው የታፈነ የፔዳል ፓምፕ ወይም የደከመ ሞላ ያለው ሰሌዳ ፍሪሲዮኑን ቀኑን ሙሉ በግማሽ አላቅቀው ያንኑ ሰማያዊ ምልክት ያትማሉ። ስለዚህ ምልክቱ ከተነበበ በኋላም የፔዳሉ ልቅነት በመለኪያ መታየት ይኖርበታል፤ ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ክፍሉ በዚህ ሙያ ብቻውን አይደለም፤ በውጭ አገርም ታላላቅ ባልደረቦች አሉት። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የፎርድን የአውስትራሊያ ኩባንያ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቶታል። ጉዳዩ ፓወርሺፍት የሚባለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ የተገጠመላቸው ፊየስታ፣ ፎከስና ኢኮስፖርት መኪናዎች ነበሩ። ባለቤቶቹ መኪናው ይንቀጠቀጣል ብለው አቤት ሲሉ፣ ኩባንያው ችግሩ በሌሎችም መኪናዎች ላይ መኖሩን እያወቀ፣ ምክንያቱ የአነዳዳቸው ዘዴ ነው የተባሉም ነበሩ። የነገሩ ጣዕም የፓወርሺፍት አሠራር ላይ ነው። በዚያ መኪና ፍሪሲዮኑን የሚይዘውና የሚለቀው ኮምፒውተር ነው፤ በግራ እግር የሚረገጥ ፔዳል ጨርሶ የለውም። እንግዲህ የግራ እግር ጥፋተኝነት ፔዳል እንኳ ሳያስፈልገው ሊጸና እንደሚችል ታይቷል፤ ለዘዴው ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት አይገኝም።

ከዚህ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ አነስተኛ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ሲያመጣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ በአራተኛ ማርሽ ፔዳሉ በቀስታ ይለቀቅ፤ ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል፣ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ሞተሩ እየዞረ ይቆያል። መንሸራተቱ ከተረጋገጠ ካምቢዮው ይውረድ፣ ዲስኩ ባለቤቱ ባለበት ይታይ፣ የቀረው የሸራ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ዘይትና ቀለሙም በጽሑፍ ይመዝገብ፤ አሮጌውም ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ምርመራው እግሩን ጥፋተኛ ካደረገ ባለቤቱ ይክፈል። ካላደረገ ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን የደነገገ መሆኑ ለክፍሉ በአክብሮት ይታወሳል።

ክፍሉ ይህ ሥራ ከበዛበት ጥቂት መታገሥም ይችላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚመጡት የኤሌክትሪክ ናቸው፤ እነርሱም የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላቸውም። ለባትሪው መድከም ተጠያቂ የሚሆን ሌላ የአካል ክፍል ከወዲሁ ቢጠና መልካም ነው፤ ቻርጀሩን የሚሰካው ቀኝ እጅ ለጊዜው ከሁሉ የተሻለ ዕጩ ይመስላል።

ግልባጭ፦
ለፔዳል ክፍል
ለግራ እግር
እንዲያውቁት