የትምህርት ቤታችን ሒሳብ መቼ ይነገረናል?

ለአጥር ተብሎ አዋጣን፤ ለጥበቃ ደመወዝ ተብሎ አዋጣን፤ ለወንበር ጥገና ተብሎም አዋጣን። ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል የ«ትምህርት ለትውልድ» ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ፣ ድንጋይና አሸዋ ያለው በዓይነት ተሳተፈ። መስጠቱ አልከበደንም። ያንገሸገሸን የሰጠነው የት እንደገባ የሚነግረን ማጣታችን ነው።

በቅርቡ በወላጆች ስብሰባ የሒሳብ ሪፖርት ተነበበልን። አንዲት ገጽ ናት። የጽሕፈት መሣሪያ ይህን ያህል፣ ጥገና ይህን ያህል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» ሆኖ ተገኘ። አንዲት እናት ተነሥተው «ልዩ ልዩ ያላችሁት ምን ምን ነው?» ቢሉ፣ «ጊዜ ስለሌለን በጽሑፍ እንመልሳለን» ተባሉ። መልስ አልመጣም። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤትም ዛሬ ድረስ በር የለውም።

ርዕሰ መምህሩን ሌባ ማለቴ አይደለም። ትናንት ፊዚክስ ሲያስተምር የነበረ ሰው፣ ጎበዝ ነው ተብሎ ይሾማል፤ በማግስቱ ቼክ ይፈርማል፣ ግዥ ያጸድቃል፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የተባሉትን የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞች እያገላበጠ ንብረት ይቆጣጠራል። ይህን ሁሉ ማን አስተማረው? ገንዘብ ያዥነቱም ብዙ ቦታ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለሚያስተምር መምህር በተደራቢነት ይጣላል። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣው የድጎማ ገንዘብ ዘግይቶ ሲለቀቅ ደግሞ ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ ነው ተብሎ ሩጫ ይጀመራል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰብና ገበያ ላይ የተገኘው ይገዛል። የካቲት ላይ ጠመኔ የቸገረው ትምህርት ቤት፣ ሰኔ ላይ ቀለም በቆርቆሮ በቆርቆሮ ያራግፋል። ደረሰኙ ስለተሟላ ጠያቂ የለውም።

ተቆጣጣሪ የለም እንዳይባል፣ የ1994ቱ የትምህርት አመራርና ፋይናንስ መመሪያ ለወላጅ መምህር ኅብረት በትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ክትትል ድርሻ ሰጥቶታል። የኅብረቱ አባላት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ያለቀ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲፈርሙ ነው። የወረዳው ሱፐርቫይዘርም ሲመጣ ዕቅድና ሪፖርት አገላብጦ ይመለሳል።

የምንጠይቀው ከአቅም በላይ አይደለም። ሰው ከመሾሙ በፊት የበጀትና የግዥ ሥልጠና ይሰጠው። ለየትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር ካልተቻለ ለአንድ ጉድኝት፣ ማለትም ለተጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ አንድ ይመደብ። ገቢና ወጪው በየሩብ ዓመቱ፣ «ልዩ ልዩ» የሚለው ሳይቀር ተዘርዝሮ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ንጹሑን ርዕሰ መምህር ከሐሜት ያድነዋል፤ እጀ አመለኛውንም ይይዘዋል። ያዋጣ ሰው ሒሳብ ሲጠይቅ ነገር ፈላጊ አይባልም፤ መብቱን ጠየቀ እንጂ!